ትምህርትን በተማሪው ልክ፦ የጁባ መማሪያ ክፍሎች ታሪክ

ትምህርትን ከተማሪው ቋንቋ፣ ዕድሜ፣ ኑሮና የዕውቀት ደረጃ ጋር የማስማማት ጥያቄ በጁባና በአካባቢዋ ከ170 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ጥያቄውን ሚሲዮናውያን፣ ቅኝ ገዥዎች፣ የካርቱም መንግሥታት፣ የነፃነት ታጋዮችና የዛሬው የደቡብ ሱዳን ትምህርት ሚኒስቴር በየተራ አንስተውታል። መልሳቸው ቢለያይም ለረጅም ጊዜ አንድ ጠባይ ነበረው፤ ልጁን ራሱን ትቶ ልጁ የሚቆጠርበትን ወገን ያይ ነበር። የየትኛው ጎሳ ልጅ ነው? በየትኛው ሚሲዮን ክልል ተወለደ? ከየትኛው ጦር ወገን ነው? ልጁ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደሚያስቸግረው መጠየቅ የተጀመረው እጅግ ዘግይቶ ነው። የጁባ የትምህርት ታሪክ ከወገኑ ወደ ልጁ የተደረገ ረጅም ጉዞ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስከ 1860፦ የከብት ሰፈርና ጎንዶኮሮ

በነጭ አባይ ዳርቻ የሚኖሩት ባሪዎች፣ ሙንዳሪዎችና ዲንካዎች ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊትም ልጆቻቸውን በራሳቸው ሥርዓት ያስተምሩ ነበር። ወንዱ ልጅ መጀመሪያ ፍየልና ጥጃ ይጠብቃል፤ ሲጠነክር ወደ ከብት ሰፈር ይሄዳል። የከብቱን መልክ፣ የቀንዱን አወጣጥ፣ የበሽታውን ምልክትና የግጦሹን ወቅት ከታላላቆቹ ጎን ሆኖ ይለምዳል። ሴቷም ከእናቷ ጋር ማሽላ እየፈጨች፣ ወተት እየናጠች የቤቱን ሥራ ትማራለች። ቀድሞ የበረታ ልጅ ከበድ ያለ ኃላፊነት ይሰጠዋል፤ ገና ያልበረታውም ጊዜ ይሰጠዋል። ትምህርቱ በጽሑፍ ያልሰፈረና ለመንደሩ ኑሮ ብቻ የሚበቃ ቢሆንም አስተማሪው እያንዳንዱን ልጅ በስሙና በጠባዩ ያውቀዋል።

የመጽሐፍ ትምህርት ወደ አካባቢው የገባው ከካቶሊክ ሚሲዮናውያን ጋር ነው። ጣሊያናዊው ቄስ አንጀሎ ቪንኮ በ1851 ከባሪዎች መካከል ገብቶ መኖር ጀመረ። ከእርሱ ቀጥሎ ስሎቬናዊው ኢግናሲ ክኖብሌሃር ከዛሬዋ ጁባ ብዙም በማይርቀው በጎንዶኮሮ፣ በወንዙ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ የሚሲዮን ጣቢያ አቆመ። ሚሲዮናውያኑ ልጆቹን ለማስተማር አስቀድመው ራሳቸው ተማሪ መሆን ነበረባቸው። የባሪን ቃላት እየጠየቁ ይመዘግቡ፣ የሰዋስዉን ሕግ ያጠኑ ጀመር። ይሁን እንጂ ወባና ሌሎች ትኩሳቶች አብዛኞቹን ስለጨረሷቸው በ1860 ጣቢያው ተዘጋ። ማስታወሻዎቻቸው ግን አልጠፉም። ዮሐንስ ሚተሩትስነር የተባለ ምሁር በእነርሱ ላይ ተመሥርቶ በ1866 የዲንካን፣ በ1867 ደግሞ የባሪን ቋንቋ የሚያጠኑ መጻሕፍት አሳተመ። ከጎንዶኮሮ የተረፈው ትልቁ ትምህርት መምህር የተማሪውን ቋንቋ ሳይሰማ ማስተማር እንደማይችል መረዳቱ ነበር።

ከ1899 እስከ 1927፦ በክልል የተከፋፈለ ትምህርት

በ1899 የእንግሊዝና የግብፅ ጥምር አስተዳደር በሱዳን ላይ ሲቋቋም በደቡቡ የማስተማሩ ሥራ ለሚሲዮኖች ተተወ። ካቶሊኮቹ በ1901 በሽሉኮች አገር በሉል፣ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያኖች በ1902 በሶባት ወንዝ ዳር በዶሌይብ ሂል፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ደግሞ በ1906 በቦር አቅራቢያ በማሌክ ጣቢያ ከፈቱ። አንዱ የሌላውን ምእመን እንዳይሻማ መንግሥት አገሩን በክልል ከፋፈለላቸው። በዚህም የተነሳ የአንድ ልጅ ሃይማኖት፣ የሚማርበት መጽሐፍና ቋንቋው የሚጻፍበት ፊደል በተወለደበት ቦታ ተወሰነ። እያንዳንዱ ሚሲዮን የራሱን የአጻጻፍ ዘዴ ስለሚከተል በአንዱ ጣቢያ የተጻፈውን በሌላው ጣቢያ የተማረ ልጅ በቀላሉ አያነበውም ነበር።

በ1920ዎቹ አጋማሽ ከውጭ አዲስ ሐሳብ መጣ። የአሜሪካው ፌልፕስ ስቶክስ ድርጅት አጥኚዎች አፍሪካን ተዘዋውረው ትምህርት ከአፍሪካዊው ኑሮ ጋር እንዲጣጣም መከሩ። የብሪታንያ መንግሥትም በ1925 ባወጣው የቅኝ ግዛት ትምህርት መመሪያ ትምህርት ከሕዝቦቹ አስተሳሰብ፣ ተሰጥዖ፣ ሥራና ወግ ጋር እንዲስማማ አዘዘ። ሐሳቡ ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ በኩል ከአውሮፓ የመጣ መጽሐፍ እንዳለ እንዳይጫን ተከላከለ፤ በሌላ በኩል ግን የገበሬ ልጅ ገበሬ፣ የከብት አርቢ ልጅም ከብት አርቢ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልግ አስተዳደር ምቹ ሰበብ አገኘበት። መመሪያው የሚናገረው ስለ ሕዝቦች ነበር፤ ከሕዝቡ መካከል ተለይቶ ሌላ ነገር የሚፈልግ ልጅ በውስጡ ቦታ አልነበረውም።

1928፦ የሬጃፍ ጉባኤ

ትልቁ መታጠፊያ ከጁባ በስተደቡብ በምትገኘው በሬጃፍ ሆነ። በሚያዝያ 1928 የሱዳን መንግሥት ሹማምንት፣ የሚሲዮኖቹ ወኪሎችና ከጎረቤት ቅኝ ግዛቶች የተላኩ እንግዶች በደቡቡ የትምህርት ቋንቋ ላይ ለመምከር ተሰበሰቡ። የቋንቋ ጉዳይ አማካሪያቸው ጀርመናዊው ምሁር ዲድሪሽ ቬስተርማን ነበር። ጉባኤው ዲንካ፣ ባሪ፣ ኑዌር፣ ሎቱኮ፣ ሽሉክና ዛንዴን የመሳሰሉ የወል ቋንቋዎች ለመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት እንዲያገለግሉ ወሰነ። በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተ አንድ ወጥ የአጻጻፍ መንገድም ተቀበለ። ልጁ በመንደሩ ትምህርት ቤት በአፍ መፍቻው ወይም ለእርሱ በሚቀርብ ቋንቋ ይጀምራል፤ ወደ መካከለኛው ደረጃ ሲያልፍ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል።

ውሳኔው ለብዙ ልጆች በር ከፈተ፤ በብዙ ቋንቋዎችም የንባብ መጻሕፍትና የጸሎት መጻሕፍት ታተሙ። ጉድለቱም አብሮ ታየ። ከተመረጡት ውጭ ያሉ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች የጎረቤታቸውን ቋንቋ እንዲማሩ ተገደዱ። ዲንካን የመሰለ ሰፊ ቋንቋም በቀበሌኛ የተከፋፈለ ስለሆነ በአንዱ ቀበሌኛ የተዘጋጀው መጽሐፍ ለሌላው ባዕድ ይመስል ነበር።

የሬጃፍ ሐሳብ ከሁሉ በላይ የተፈተነው በጁባ ነው። ከተማዋ በባሪዎች ምድር ተመሥርታ በ1930 ገደማ የአስተዳደሩን መቀመጫ ከሞንጋላ ስትረከብ ወታደሩ፣ ጸሐፊው፣ ነጋዴውና የቀን ሠራተኛው ከየአቅጣጫው ጎረፈባት። ሁሉንም የሚያግባባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጦር ሰፈሮች ውስጥ የተወለደው የጁባ ዓረብኛ ነበር። በ1930 የወጣው የደቡብ ፖሊሲ ግን ዓረብኛን በማናቸውም መልኩ ከደቡቡ ለማራቅ ተነሳ። ስለዚህ የጁባ ልጆች በሰፈርና በገበያ አብረው የሚጫወቱበት ቋንቋ ከክፍል ውጭ ቀረ።

ከ1947 እስከ 1971፦ አንድ ትምህርት ለሁሉም

በሰኔ 1947 በጁባ የተደረገው ጉባኤ የደቡቡ ዕጣ ከሰሜኑ ጋር እንዲያያዝ መንገድ ጠረገ። ከዚያ በኋላ ዓረብኛ ወደ ደቡቡ ትምህርት ቤቶች መግባት ጀመረ። በ1948 የተቋቋመው የሩምቤክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከዲንካው፣ ከባሪው፣ ከዛንዴውና ከሌላውም የመጡ ወጣቶችን በአንድ ግቢ አገናኘ፤ ከኋለኞቹ የደቡብ መሪዎች ብዙዎቹ ከዚያ ወጥተዋል።

ሱዳን ጥር 1 ቀን 1956 ነፃ ስትወጣ የካርቱም መንግሥታት አገሪቱን በአንድ ቋንቋና በአንድ ሥርዓተ ትምህርት ማስተሳሰር ፈለጉ። በ1957 የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ወደ መንግሥት ተዛወሩ። ግብፃዊው የቋንቋ ምሁር ኸሊል ማህሙድ አሳኪር የደቡቡን ቋንቋዎች በዓረብኛ ፊደል የሚጽፍ ዘዴ እንዲያዘጋጅ ተደርጎ ነበር፤ የታሰበውም ልጁ በቋንቋው ጀምሮ ኋላ ወደ ዓረብኛ እንዲሻገር ነው። ይህም መሸጋገሪያ ሥር ሳይሰድ ቀረ። በ1960 የሳምንቱ ዕረፍት ከእሑድ ወደ ዓርብ ሲዛወር ተማሪዎች አድማ መቱ፤ በ1964 ደግሞ የውጭ ሚሲዮናውያን በሙሉ ከደቡቡ ተባረሩ።

የደቡቡ አማፅያንና የካርቱም መንግሥት ጦርነት ቀድሞውንም በነሐሴ 1955 በቶሪት ተጀምሮ ነበር። በ1960ዎቹ ብዙ የደቡብ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ጫካ፣ ወደ ኡጋንዳ፣ ወደ ኮንጎና ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። የዚህ ዘመን ስህተት ግልጽ ነው። ሁሉንም ልጆች በአንድ ልክ ማስተማር እኩልነት መሰለ፤ በተግባር ግን የማይሰማውን ቋንቋ በፈተና የሚጠየቅ ልጅ ገና ሲጀምር ተሸናፊ ነበር።

ከ1972 እስከ 1983፦ ከአዲስ አበባ ስምምነት እስከ ማሪዲ

በየካቲት 1972 በአፄ ኃይለ ሥላሴ አስተናጋጅነት የተፈረመው የአዲስ አበባ ስምምነት ጦርነቱን አቁሞ ለደቡቡ የራስ ገዝ አስተዳደር ሰጠ፤ መቀመጫውም ጁባ ሆነ። ዓረብኛ የአገሪቱ መደበኛ ቋንቋ ሆኖ ሲቀጥል እንግሊዝኛ የደቡቡ ዋና የሥራ ቋንቋ ተባለ። የአካባቢ ቋንቋዎች በትምህርት ላይ እንዲያገለግሉ እንደገና ዕድል ተከፈተ። የጁባ ዩኒቨርሲቲ በ1975 ተመሥርቶ በ1977 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ተቀበለ።

ለሕፃናት ትምህርት የበለጠ ትርጉም ያለው ሥራ የተሠራው ከጁባ በስተምዕራብ በማሪዲ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በዚያ የተቋቋመው የክልል ቋንቋዎች ተቋም የደቡቡን ቋንቋዎች አጻጻፍ እያሻሻለ የማንበቢያ መጻሕፍትን ያዘጋጅ፣ መምህራንንም ያሠለጥን ጀመር። የሥራውን ጥልቀት ለመረዳት የዲንካን አናባቢዎች ማየት ይበቃል። በዲንካ አንድ አናባቢ በተራ ድምፅ ሲነገርና በትንፋሽ ታጅቦ ሲነገር የቃሉ ፍቺ ይለወጣል፤ የድምፁ ርዝማኔም እንደዚሁ። ጽሑፉ ይህን ልዩነት ካላሳየ ጀማሪ አንባቢ ከሁለትና ከሦስት ቃላት መካከል የታሰበውን መገመት ይኖርበታል። በዛሬው የዲንካ አጻጻፍ ትንፋሽ ያለው አናባቢ በላዩ ሁለት ነጥብ ይደረግበታል። በሚሰማው ቋንቋ የሚያነብ ልጅ ቃሉን ጮክ ብሎ ሲያነብ ስህተቱን ጆሮው ያርምለታል፤ በማይሰማው ቋንቋ የሚያነብ ልጅ ግን መምህሩ እስኪያርመው ይጠብቃል። በመቶ ተማሪ መካከል ለተቀመጠ ልጅ ይህ ልዩነት በራስ በመማርና በመገመት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ከ1983 እስከ 2004፦ በዛፍ ጥላ ሥር

በ1983 በቦር የተነሳው አመፅ ሁለተኛውን ጦርነት ለኮሰ፤ የማሪዲውም ሥራ ተቋረጠ። ትምህርቱ ለሁለት ተከፈለ። ጁባ በመንግሥት ጦር እጅ የቀረች የተከበበች ከተማ ስለነበረች የዓረብኛው ሥርዓተ ትምህርት በውስጧ ገነነ፤ ዩኒቨርሲቲዋም በ1989 ወደ ካርቱም ተዛወረ። ታጋዮቹ በያዙት ገጠር ደግሞ ከኬንያና ከኡጋንዳ የመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ተሠራጩ።

ሦስተኛው የትምህርት ስፍራ የስደተኛ ጣቢያ ነበር። በጋምቤላ የኢታንግና የፒኝዱ ጣቢያዎች ብዙ ሺህ ደቡብ ሱዳናውያንን ተቀበሉ። በተለይ በፒኝዱ ያለ ወላጅ በእግራቸው ተጉዘው የደረሱ ከ10 ሺህ የሚበልጡ ወንዶች ልጆች በቡድን በቡድን ተመድበው ይኖሩ ነበር። መማሪያ ክፍላቸው የዛፍ ጥላ ነበር። ደብተር ያልደረሰው ልጅ ፊደሉን በጣቱ ወይም በእንጨት ጫፍ አፈር ላይ ይጽፋል፤ መምህሩ ጎንበስ ብሎ ካየለት በኋላ አፈሩን በመዳፉ ደልድሎ እንደገና ይጽፋል። ከዕድሜ ይልቅ ማንበብ መቻልና አለመቻል ልጆቹን ይለያቸው ነበር፤ ቀድሞ ያወቀው ያላወቀውን ያስጠናል። ችግር የወለደው ይህ ልማድ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ሥርዓቶች ያልደረሱበትን ነገር አሳየ። ተማሪውን ካለበት ደረጃ መጀመር ይቻላል። በግንቦት 1991 ደርግ ሲወድቅ ጣቢያዎቹ ተበተኑ። ልጆቹ በጊሎ ወንዝ በኩል ሲሸሹ ብዙዎቹ ሞቱ፤ ከተረፉት መካከል ብዙዎቹ በ1992 በኬንያ በተከፈተው በካኩማ የስደተኞች ጣቢያ ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

ከ2005 እስከ 2012፦ የተለያዩ መንገዶች በአንድ ክፍል

ጥር 9 ቀን 2005 ሁለተኛውን ጦርነት ያቆመው የሰላም ስምምነት ሲፈረም ስደተኞች ወደ ጁባ ጎረፉ። በአንድ ክፍል ውስጥ በካርቱም በዓረብኛ የተማረ፣ በኡጋንዳ ወይም በኬንያ በእንግሊዝኛ የተማረ፣ ከኢትዮጵያ የተመለሰና ጨርሶ ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በሁለተኛ ክፍል የ8 ዓመት ሕፃንና ከጦር ሜዳ የተመለሰ ጎልማሳ አብረው ይማሩ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ከአዋቂው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ የሚችለው 27 በመቶ ብቻ ነበር። መምህሩም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከሚያስተምርበት ቋንቋ ሌላ በሆነ ቋንቋ የሠለጠነ ነበር።

ትምህርት ሚኒስቴር ለዚህ ከመደበኛው ጎን አማራጭ መንገዶችን ዘረጋ። የተፋጠነው ትምህርት የ8 ዓመቱን የመጀመሪያ ደረጃ ለታዳጊዎችና ለጎልማሶች በ4 ዓመት አጠቃለለው። ለሴቶች ልጆች የማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች፣ ለአርብቶ አደሮች ከከብቱ ጋር የሚንቀሳቀስ ትምህርት፣ በዓረብኛ ለተማሩ መምህራንና ሠራተኞች የእንግሊዝኛ ኮርስ ተከፈተ።

በዚሁ ጊዜ በአሜሪካ ዕርዳታ የተጀመረው የሬዲዮ ትምህርት መጻሕፍትና የሠለጠነ መምህር ወደሌለባቸው ክፍሎች ገባ። ሬዲዮው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ድምፁ ጥያቄ ይጠይቅና ዝም ይላል፤ ተማሪዎቹ በአንድነት ይመልሳሉ፤ መምህሩ እየተዘዋወረ የተቸገረ ልጅ መኖር አለመኖሩን ያያል። ብዙ ልጆች የመጀመሪያውን እንግሊዝኛና ሒሳብ በዚህ መንገድ ሰሙ። ሬዲዮው ግን የሚዘገየውን አይጠብቅም፤ ዝምታው የሚቆየው ለሁሉም እኩል ነው። ልጁን የሚያይ ዓይን አሁንም የመምህሩ ነበር።

ሐምሌ 9 ቀን 2011 ደቡብ ሱዳን ነፃ ስትወጣ ሕገ መንግሥቱ እንግሊዝኛን የሥራ ቋንቋ፣ የአገሩን ቋንቋዎች በሙሉ ደግሞ ብሔራዊ ቋንቋዎች አደረገ። የ2012ቱ የአጠቃላይ ትምህርት ሕግ እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ትምህርት በአካባቢው ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ። የሬጃፍ ሐሳብ ከ84 ዓመት በኋላ በነፃ አገር ሕግ ተመለሰ። የጁባ ፈተናም አብሮ ተመለሰ፤ የብዙ ቋንቋ ልጆች በሚቀመጡበት የከተማ ክፍል የአካባቢው ቋንቋ የትኛው ነው? የጁባ ዓረብኛ አሁንም የሰፈር እንጂ የመጽሐፍ ቋንቋ አልሆነም።

ከ2013 እስከ 2019፦ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትና የመማር ስልት ክርክር

በታኅሣሥ 2013 በጁባ የፈነዳው ጦርነት አገሪቱን እንደገና በተነ። ይህም ሆኖ በ2015 አገሪቱ የራሷን የመጀመሪያ የተሟላ ሥርዓተ ትምህርት ይፋ አደረገች፤ በ2019 በክፍል ውስጥ መተግበር ጀመረ። ሥርዓቱ ተማሪው እንዲመረምርና እንዲፈጥር፣ ሐሳቡን እንዲገልጽ፣ ከሌሎች ጋር እንዲሠራ፣ ባህሉንና ማንነቱን እንዲያውቅ ይጠይቃል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ከማስገልበጥ ወጥቶ ተማሪውን ወደ ማሳተፍ እንዲሸጋገር ይጠበቅበታል።

በዓለም ላይ በዚህ መስክ የጦፈ ክርክር ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዴቪድ ኮልብ፣ ኋላም ኒል ፍሌሚንግና ሌሎች ሰዎች እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ የመማር ስልት እንዳለው አስተማሩ፤ አንዱ በማየት፣ ሌላው በመስማት፣ ሦስተኛው በመሥራት ይማራል ተባለ። ሐሳቡ በብዙ አገሮች የመምህራን ሥልጠና ውስጥ ገባ። በ2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ የነበሩትን ጥናቶች መርምረው ተማሪን በእንዲህ ያለ ስልት ከፍሎ ማስተማር ውጤቱን እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ እንደሌለ አሳወቁ። ተማሪዎች አይለያዩም ማለታቸው አልነበረም። የሚለያዩት ከሁሉ በፊት ቀድሞ በሚያውቁት፣ በሚሰሙት ቋንቋና በሚያስፈልጋቸው ድጋፍ ነው።

ይህ ግኝት ከጁባ ልምድ ጋር ይገጥማል። ስድሳና ሰባ ልጅ ጥቂት ወንበርና ጥቂት መጽሐፍ በሚካፈልበት ክፍል መምህሩ ተማሪዎቹን የሚያይና የሚሰማ ብሎ ከሚከፍል ይልቅ የትኛው ልጅ ቃል ማንበብ እንደሚችል፣ የትኛው ልጅ ፊደል እንደሚስት ቢያውቅ ይሻለዋል። ማየት የተሳናቸው ልጆች ጉዳይ ይህን ይበልጥ ያጎላዋል። በሬጃፍ ባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ማዕከል ብሬል የሚማር ልጅ የሚያስፈልገው ማስተካከያ የምርጫ ጉዳይ አይደለም፤ ያለ እርሱ ትምህርቱ አይደርሰውም።

ከ2020 ወዲህ፦ መዘጋትና መመለስ

በመጋቢት 2020 በኮቪድ ምክንያት የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በግንቦት 2021 ሙሉ በሙሉ እስኪከፈቱ ከአንድ ዓመት በላይ አለፈ። በቤቱ ሬዲዮ የነበረውና ያልነበረው ልጅ ወደ ክፍል ሲመለሱ ልዩነታቸው ሰፍቶ ነበር። በየካቲት 2023 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነፃ እንዲሆኑ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ በካርቱም ጦርነት ሲነሳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ደቡብ ሱዳናውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከእነርሱም መካከል ትምህርታቸውን በዓረብኛ የጀመሩ ብዙ ልጆች ነበሩ። የ2005ቱ ችግር በሃያ ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ተደገመ።

ዛሬ ሕጉ የአፍ መፍቻ ቋንቋን ፈቅዷል፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ተማሪውን መሃል አስቀምጧል፤ የተፋጠነው ትምህርትም ዕድሜው ላለፈ ተማሪ መንገድ ከፍቷል። የጎደለው በየቋንቋው የታተመ መጽሐፍ፣ ደመወዙ በወቅቱ የሚደርሰው መምህርና ያንን መምህር እያንዳንዱን ተማሪ እንዲያውቅ የሚያስችል የክፍል ስፋት ነው። ወገንን የሚመለከቱ ውሳኔዎች በጉባኤና በአዋጅ ይወሰናሉ፤ ልጁን የሚመለከተው ውሳኔ ግን በየቀኑ በክፍል ውስጥ የሚወሰን ስለሆነ ውጤቱ መምህሩ በሚያገኘው ሥልጠና፣ ጊዜና ድጋፍ ላይ ያርፋል።